ተስማሚው የአደን ጠመንጃ፦ ከሐሙሲት ገበያ የተነሣ የፊዚክስ ጥያቄ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በደራ ወረዳ የምትገኘውን ሐሙሲትን ያገኛል። ስሟ እንደሚነግረን የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። በአንድ ወቅት ከፎገራ ሜዳ የውሃ ናሙና ለመሰብሰብ ስንጓዝ የመኪናችን ጎማ ተንፍሶ በዚህች ከተማ ሁለት ሰዓት ያህል ለመቆም ተገደድን። ዕለቱ ገበያ ነበርና ከአንድ የዋርካ ጥላ ሥር ከተቀመጡ ሦስት አዛውንት አጠገብ ተጠጋን። ክርክር ይዘዋል። የክርክሩ ርእስ ጠመንጃ ነበር።

«የአባቴ ውጅግራ ስትተኮስ ሰደፏ ትከሻ ልታወልቅ ትደርስ ነበር» አሉ አንደኛው። «ተኳሿን እንዲህ የምትመታ፣ ፊት ለፊቷ የቆመውንማ እንዴት አድርጋ ትመታው!»

«ያንተዋ ከጪስ በቀር ምን ነበራት?» ሲሉ ሁለተኛው መለሱ። «ጠመንጃ ማለት ምንሽር ነው። ከጉማራ ማዶ የቆመውን ከዚህ ማዶ ሆኖ የሚያገኝ።»

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መሆናችንን ሲያውቁ ወደ እኛ ዞረው «ልጆቼ፣ እስቲ የተማራችሁት ፍረዱን» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ፈጠን ብሎ «አባባ፣ የምንሽሩ አረር የሚይዘው ጉልበት ይበልጣል» ሲል ፈረደ። ባለ ውጅግራው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «ጉልበቱ የሚበልጥ ከሆነ፣ ልጄ፣ ታዲያ ትከሻዬን አጥብቃ የምትመታው ለምን የእኔዋ ሆነች?» ብለው ጠየቁን። እውነቱን ለመናገር በዚያ ጥላ ሥር አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የነበሩት ሦስተኛው አዛውንት በበኩላቸው ሌላ ነገር አነሡ። በጎልማሳነታቸው ዘመን አንድ ድኩላ በምንሽር ተኩሰው መትተዋል። አረሩ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው መውጣቱን አይተዋል፤ ደሙንም ተከትለዋል። ድኩላው ግን ሄደ። በሦስተኛው ቀን አሞራ ሲያንዣብብ አይተው ሄደው አገኙት። «ከዚያ ወዲህ ለአደን ጠመንጃ አንሥቼ አላውቅም» አሉን። «ለምን እንዳልወደቀ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች፣ ማለትም የትከሻውንና የድኩላውን ጥያቄ፣ ለመመለስ ነው። «ተስማሚው የአደን ጠመንጃ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄም መልስ የሚያገኘው እነዚህ ሁለቱ ሲፈቱ መሆኑን ወደ ኋላ እንመለከታለን። ከመጀመራችን በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር እንግለጽ። በዚህ ጽሑፍ «ጥይት» ስንል ቀለሁን፣ ባሩዱንና እርሳሱን በአንድነት ማለታችን ነው። «አረር» ስንል ደግሞ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረውን ክፍል ብቻ ነው።

የስሞቹ ታሪክ

አገራችን የጠመንጃን ስም ከሠሪዎቹ ወስዳ በራሷ አንደበት የምታሽ አገር ናት። ሰናድር የአሜሪካዊው የጄኮብ ስናይደር ስም ነው። ውጅግራ የተባለው «ፉዚል ግራ» ማለትም የግራ ጠመንጃ ሲሆን፣ ግራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ ጦር ተቀባይነት ያገኘውን ጠመንጃ የነደፈው መኮንን ባዚል ግራ ነው። ምንሽር የሚለውን ስም ብዙ ሰው ለመውዜርና ለመሰሎቹ ጠመንጃዎች በጥቅሉ ይጠቀምበታል፤ እኛም በዚሁ ትርጉም እንይዘዋለን።

ሰናድር ወደ አገራችን ታሪክ የገባው በመራር ቀን ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ ሲዋጋ፣ የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች ከኋላው የሚጎርሰውን ሰናድር ይዘው ነበር። በአፈሙዙ የሚጎርሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ቢተኮስ ነው፤ ሰናድር ግን እስከ አሥር ጊዜ ይተኮሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሐሙሲት በስተ ምሥራቅ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን ይነገራል። ያን የሚያህል ብረት እስከ መቅደላ መጎተቱ የሚደነቅ ቢሆንም፣ ትልቅነት ለብቻው ምን ያህል እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ውጅግራ በዓድዋ ጦርነት ጊዜ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ዋና ዋና ጠመንጃዎች አንዱ ነበር። የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ከመቶው ሰባ አምስት እጅ ጨው ፒተር፣ ዐሥራ አምስት እጅ ከሰል፣ ዐሥር እጅ ድኝ ሲሆን፣ ሲነድ ከግማሽ የሚበልጠው ክፍሉ ጋዝ መሆኑ ቀርቶ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ባለ ምንሽሩ አዛውንት ያሾፉበት ጪስ ይኸው ነው። በዚህ ባሩድ አረርን በሰከንድ ከ450 ሜትር ገደማ አብዝቶ ማብረር አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የዘመኑ ነዳፊዎች ኃይል ሲሹ አረሩን ያገዝፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ከናይትሮሴሉሎስ የተሠራ ጪስ አልባ ባሩድ ሲፈለስፍ ግን ነገሩ ተለወጠ። አረሩ ቀጠነ፤ ፍጥነቱም በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። የሁለቱ አዛውንት ክርክር እንግዲህ በሁለት ባሩዶች መካከል የተደረገ ክርክር ነው ማለት ይቻላል።

የትከሻው ጥያቄ

የሚንቀሳቀስ አካል «ብርታት» በምን ይለካ የሚለው ጉዳይ በአውሮፓም ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ነው። የዴካርት ተከታዮች መለኪያው መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ ነው ይሉ ነበር። ላይብኒትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1686 ባወጣው ጽሑፍ መለኪያው መጠነ ቁስ በፍጥነት ካሬ ሲባዛ ነው ሲል ተቃወመ። በ1720ዎቹ ሆላንዳዊው ስኽራቨሳንደ የነሐስ ኳሶችን ከልዩ ልዩ ከፍታ ለስላሳ ሸክላ ጭቃ ላይ እየጣለ ሞከረ። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነው ኳስ አራት እጥፍ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፈረ። ይህም ለላይብኒትስ የሚያደላ ማስረጃ ነበር። በኋላ ግን ሁለቱም ወገኖች እውነት እንደያዙ ታወቀ፤ የለኩት ሁለት የተለያየ ነገር ነበርና። የመጀመሪያውን ዛሬ ሞመንተም እንለዋለን፤ ሁለተኛው በግማሽ ሲባዛ የእንቅስቃሴ ጉልበት (ኪኔቲክ ኢነርጂ) ይባላል።

አሁን ወደ ዋርካው ጥላ እንመለስ። የውጅግራ አረር 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። የመውዜር ከባዱ አረር 12.8 ግራም ሲሆን በሰከንድ 760 ሜትር ያህል ይበራል። እናባዛ። የውጅግራው ሞመንተም 0.025 × 450 = 11.25 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። የምንሽሩ 0.0128 × 760 = 9.73 ይሆናል። በዚህ መለኪያ ውጅግራ ይበልጣል። ጉልበቱን ስናሰላ ግን የውጅግራው 2,530 ጁል ገደማ ሲሆን የምንሽሩ 3,700 ጁል ይደርሳል። በዚህኛው ምንሽር በግማሽ ያህል ይበልጣል።

ትከሻ የሚሰማው የትኛውን ነው? ጠመንጃው ከመተኮሱ በፊት ጠመንጃውም አረሩም ቆመዋል፤ ድምር ሞመንተማቸው ዜሮ ነው። ከተኩሱም በኋላ ዜሮ ሆኖ መቆየት ስላለበት፣ አረሩ ወደ ፊት የያዘውን ያህል ሞመንተም ጠመንጃው ወደ ኋላ ይይዛል። 4.2 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ውጅግራ በሰከንድ 2.7 ሜትር፣ 4 ኪሎ ግራም የሚሆነው ምንሽር ደግሞ በሰከንድ 2.4 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳሉ። (ከአፈሙዝ የሚወጣው ጋዝ የሚጨምረውን ትተናል፤ እሱም በሁለቱም ላይ ጥቂት የማይባል ነው።) ስለዚህ ባለ ውጅግራው አዛውንት የተሰማቸው ትክክል ነበር፤ የእኛው ጓደኛም ያለው ትክክል ነበር። የተሳሳተው ትከሻን የሚመታውና ዒላማን የሚጎዳው አንድ ነገር ነው ብሎ ማሰቡ ነው።

ይህ ለአዳኝ የሚያስከትለው ነገር አለ። ሰደፍ አጥብቆ የሚመታው ሰው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትከሻውንም ሳያውቀው ያንቀሳቅሳል። በ100 ሜትር ርቀት ላይ አፈሙዙ ከመስመሩ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር በሆነ ጠመንጃ አረሩ 10 ሴንቲ ሜትር ስቶ ያርፋል። ከዚህ የተነሣ «ከባዱን ይዤ ልሂድ» ማለት ብዙ ጊዜ የማቁሰል መንገድ ነው። የጠመንጃው ክብደት ሲጨምር ምቱ ይለዝባል፤ ነገር ግን ስድስት ኪሎ ብረት ተሸክሞ ከጣና ዳር እስከ ጉና ግርጌ መውጣት የሚፈልግ ማን ነው? በእኛ አስተያየት ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ለብዙ ሰው አማካይ ነው።

አረሩ በመንገድ ላይ

አረር ከአፈሙዝ እንደ ወጣ መውደቅ ይጀምራል። አንዳንድ ሰው «ፈጣን አረር ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ይላል፤ ስበት ግን ለፈጣንም ለዘገምተኛም እኩል ነው፤ ልዩነቱ ያለው በጊዜው ላይ ነው። የአየሩን ተቃውሞ ለጊዜው ብንተወው፣ ምንሽሩ 200 ሜትር ለመድረስ 0.26 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ 34 ሴንቲ ሜትር ይወድቃል። ውጅግራው 0.44 ሰከንድ ስለሚፈጅበት 97 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ማነጣጠሪያው ይህን አስቀድሞ ስለሚያርም ርቀቱን ላወቀ ተኳሽ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ርቀት ሲገመት ነው። ሁለቱም ጠመንጃዎች ለ200 ሜትር ተስተካክለው እንስሳው ያለው 250 ሜትር ላይ ቢሆን፣ የምንሽሩ አረር ከታለመው ቦታ 11 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ የውጅግራው ግን 30 ሴንቲ ሜትር። የድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ በሁለት መዳፍ የሚሸፈን ያህል ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ስሕተት ምናልባት ይቅር ይባል ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን እግር ሰባሪ ነው።

አሁን የተውነውን አየር እንመልሰው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አየር በፈጣን አረር ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ ከአረሩ ከራሱ ክብደት በብዙ አሥር እጥፍ እንደሚበልጥ አሳየ። ከዚያ በፊት ብዙዎች ኢምንት ነው ብለው ያልፉት ነበር። መጽሐፉን ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ሳይቀር ወደ ጀርመንኛ መልሶ ሰፊ ማብራሪያ ጽፎበታል። ተቃውሞው ከአየሩ እፍግታ ጋር፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ካለው የአየር መጠን ጋር፣ አብሮ ይጨምራል፤ አብሮም ይቀንሳል። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በዳርቻው የሚገኝ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። እንግዲህ ሐሙሲት ላይ የሚተኮስ አረር በምጽዋ ዳርቻ ከሚተኮሰው መሰሉ ይልቅ አምስት አንድ እጅ ያነሰ ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ ፍጥነቱንም ቶሎ አያጣም። በአውሮፓ ቆላ ተለክተው የታተሙ የተኩስ ሠንጠረዦች በእኛ ደጋ ላይ በጥቂቱ የሚዛነፉት ስለዚህ ነው።

ሌላው ነገር መሽከርከር ነው። በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች አረሩን እንደ እንዝርት ያሾሩታል። የመውዜሩ ቦይ በየ24 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዙር ስለሚዞር፣ በሰከንድ 760 ሜትር የሚበር አረር በአንድ ሰከንድ ከ3,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ሹል አረር በአየር ላይ ሳይገለበጥ አፍንጫውን ወደ ፊት ይዞ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ቦዩ ካለቀ ግን ሁሉም ነገር ያልቃል።

ቦይን የሚያስጨርሰው ደግሞ ተኩስ ብቻ አይደለም። በቀደሙት ወታደራዊ ጥይቶች ግርጌ ያለው ትንሹ መለኮሻ ፖታስየም ክሎሬት የሚባል ውሕድ ይዟል። ይህ ሲፈነዳ ፖታስየም ክሎራይድ የተባለ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በክረምት በጣና ዳር እርጥበት ሞልቷል። ብረቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዝጋል። ብዙ ባለ ጠመንጃ ዘይት ቀብቶ የጠበቀው ይመስለዋል፤ ጨው ግን በዘይት አይሟሟም፤ ዘይቱ ጨውን ሸፍኖ ያስቀምጠዋል እንጂ። ጨውን የሚያጥበው ሙቅ ውሃ ነው፤ ዘይቱ የሚቀባው ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ነው። ስንቱ ከአያት የተወረሰ ምንሽር ውጪው እንደ መስተዋት ሲያበራ ውስጡ ተበልቶ ይሆን! እንዲህ ያለ ጠመንጃ በ100 ሜትር ላይ እንኳ የት እንደሚያርፍ ባለቤቱ አያውቅም።

የድኩላው ጥያቄ

«መትቶ ጣለው» የሚለው አነጋገር ጥይት እንስሳን ገፍትሮ የሚጥል ያስመስለዋል። ሞመንተሙ ግን ይህን አይፈቅድም። የምንሽሩ አረር 40 ኪሎ ግራም በሚመዝን ድኩላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢቆም እንኳ፣ 9.73 ለ40 ሲካፈል እንስሳው የሚያገኘው ፍጥነት በሰከንድ ሩብ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ የሕፃን ግፊት ነው። ደግሞም ጥይት የሚመታውን የሚያሽቀነጥር ቢሆን ኖሮ ተኳሹም በዚያው ሞመንተም ወደ ኋላ በተሽቀነጠረ ነበር።

እንስሳ የሚሞተው ደም ወደ አንጎሉ መድረሱን ሲያቆም ወይም የነርቭ ማዕከሉ ሲመታ ነው። ሳንባና ልብ ሲቀደዱ የደም ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ይወርዳል፤ ሆድ ወይም የኋላ እግር ሲመታ ግን ሞቱ ሰዓታትን አንዳንዴም ቀናትን ይወስዳል። እዚህ ላይ የአረሩ ፍጥነት፣ ጉልበትና አሠራር ተገናኝተው ይሠራሉ። በዋርካው ጥላ ሥር ማንም ያላነሣው ነገር የመጨረሻው፣ የአረሩ አሠራር ነበር።

በአገራችን እጅ የሚገኙት ጥይቶች በአብዛኛው ለጦር የተሠሩ ናቸው። የጦር አረር ዙሪያውን በጠንካራ ብረት የተለበጠ ነው፤ ሲመታ ቅርጹን አይለውጥም። ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሕንድ አገር በዱምዱም የጥይት ፋብሪካ ጫፉ ያልተለበጠ፣ ሲመታ የሚበተን አረር ተሠርቶ ነበር። ጉዳቱ የከፋ በመሆኑ የ1899ኙ የሄግ ጉባኤ እንዲህ ያለው አረር በጦርነት እንዳይሠራበት ባወጣው መግለጫ ከለከለ። በአደን ግን ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው። በበርካታ አገሮች ትልልቅ እንስሳትን ሙሉ በሙሉ በተለበጠ አረር ማደን የተከለከለ ሲሆን፣ የሚፈለገው ጫፉ ሲመታ እንደ እንጉዳይ የሚከፈተው አረር ነው።

ምክንያቱን በምሳሌ እንየው። የምንሽሩ የጦር አረር ድኩላውን ሲያገኝ ፍጥነቱ በሰከንድ 600 ሜትር ነበር እንበል፤ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ በሰከንድ 500 ሜትር ወጣ እንበል። ሲገባ 2,300 ጁል ገደማ ይዟል፤ ሲወጣ 1,600 ጁል ይዞ ወጥቷል። በእንስሳው ውስጥ የቀረው 700 ጁል ነው፤ የቀረው ሁሉ ከኋላው ላለው አፈር ተሰጠ። የሚከፈት አረር ቢሆን ኖሮ ከዚህ የሚበልጠው በሰውነቱ ውስጥ በቀረ፣ ቁስሉም በሰፋ ነበር። የሦስተኛው አዛውንት ጥያቄ መልስ ይህ ይመስለናል። በዚያን ዕለት ጉልበት አልጎደለም፤ ጉልበቱ ከድኩላው አልፎ ሄደ እንጂ። ያነጣጠሩበት ስፍራም ከሳንባው ትንሽ ወደ ኋላ ሳይሆን አልቀረም።

አረሩ ከየት እንደሚገባ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚያሳየው ስኮትላንዳዊው የዝሆን አዳኝ ዎልተር ቤል ነው። ቤል በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ፣ እስከ አገራችን ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ድረስ እየተዘዋወረ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖችን ገድሏል። አብዛኞቹን የገደለው ሌሎች አዳኞች ለዝሆን ያንሳል በሚሉት 7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። ይህን ያስቻለው የዝሆንን የራስ ቅል አጥንት በጥንቃቄ አጥንቶ አንጎሉ የሚገኝበትን ስፍራ ከየአቅጣጫው በማወቁ ነበር። ለዚያ ወፍራም አጥንት ደግሞ የማይከፈት አረር ይሻለው ነበር፤ ለድኩላ የሚስማማው ለዝሆን አይስማማምና። በችሎታው እየተደነቅን በቁጥሩ እናዝናለን።

ታዲያ ተስማሚው የትኛው ነው?

የጀርመን የአደን ሕግ ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መልስ ከሰጡት አንዱ ነው። ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው ትንሽ አጋዘናቸው አረሩ 100 ሜትር ላይ ቢያንስ 1,000 ጁል ይዞ እንዲደርስ ይጠይቃል። ለሚበልጡት ደግሞ 2,000 ጁልና ቢያንስ 6.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ይፈልጋል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለዝሆን ከ9.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ አይፈቀድም። ሕጉ ጉልበቱን አፈሙዝ ላይ ሳይሆን እንስሳው ዘንድ መለካቱን ልብ ይሏል።

በዚህ ሚዛን ክላሽንኮቭ እንኳ ይወድቃል። አረሩ 8 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር ስለሆነ አፈሙዝ ላይ 2,000 ጁል ያህል ይይዛል፤ 100 ሜትር ሲደርስ ከዚያ በታች ነው፤ የተለመደው አረሩም የተለበጠ ነው። ውጅግራ በቅርብ ርቀት ያልተለበጠ ወፍራም እርሳሱ ሲመታ ስለሚደፈጠጥ፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ ከተለበጠው የምንሽር አረር የተሻለ አዳኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ባለ ውጅግራው አዛውንት ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ግን ዝቅዝቃቴው ይጥለዋል።

ፍረዱ ከተባልን እንግዲህ ድኩላን ለሚያህል እንስሳ የምንመርጠው ከ6.5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 9 ግራም ገደማ የሚከፈት አረር በሰከንድ 800 ሜትር ያህል የሚያበር፣ ቦዩ ያልተበላ ጠመንጃ ነው። ሞመንተሙ 7.2፣ ጉልበቱ 2,900 ጁል ገደማ ይሆናል። ትከሻን ከምንሽርም ከውጅግራም ያነሰ ይመታል፤ ተኳሹ ዓይኑን አይጨፍንም። የሚገርመው ይህ አዲስ ግኝት አለመሆኑ ነው፤ የመውዜር ፋብሪካ ባለ 7 ሚሊ ሜትሩን ጥይት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1892፣ ከዓድዋ ጦርነት አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። የታላቁ ምንሽር ስም ግን ታናሽ ወንድሙን ጋርዶት ቀርቷል።

ዛሬ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። እርሳስ መርዝ ነው። ሲመታ የሚበተነው ደቃቅ እርሳስ በሬሳው ውስጥ ቀርቶ ጥንብ አንሳዎችን ይመርዛል፤ ረግረግ ውስጥ የሚቀሩትን የእርሳስ ጠጠሮች ደግሞ ዳክዬዎች ከአሸዋ ጋር ይውጧቸዋል። በዚህ ምክንያት የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2019 አጋማሽ ጀምሮ በማናቸውም አደን የእርሳስ አረርን ከልክሏል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2023 ጀምሮ በረግረጋማ ስፍራዎች የእርሳስ ጠጠር እንዳይተኮስ አድርጓል። በምትኩ የሚሠራበት መዳብ ነው። ክረምቱን ከአውሮፓ ሸሽተው በጣና ዳርና በፎገራ የሩዝ ማሳ ለሚከርሙት አእዋፍ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ሕጉንም ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በአገራችን የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው፤ ጠመንጃ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። የሦስቱ አዛውንት ዘመን ድኩላ በየጥሻው የሚገኝበት ዘመን ነበር፤ ጥሻው ራሱ ዛሬ በአብዛኛው እርሻ ሆኗል።

የሳተው አረር ደግሞ የሚያርፍበት ቦታ አለው። በፎገራ ባለ ሜዳ ላይ በጥቂቱ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ የተተኮሰ የምንሽር አረር ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ እዚያ ማን ከብት እንደሚጠብቅ ተኳሹ አያውቅም። ቀጥታ ወደ ሰማይ የተተኮሰውስ? አሜሪካዊው መኮንን ጁልያን ሃቸር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ባደረገው ሙከራ፣ አየሩ ስለሚያግደው 9.7 ግራም የሆነ አረር በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ፍጥነት ይዞ እንደሚወድቅ አገኘ። ይህ 40 ጁል ገደማ ነው። በሠርግ ቀን ወደ ሰማይ ለሚተኩሱ ወገኖቻችን ይህ ቁጥር ይድረስልን፤ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በታች ባለው ልምምድ መገመት ይቻላል።

ለተማሪዎች የቀረበ ልምምድ

ሮቢንስ የአረርን ፍጥነት የለካው በተንጠለጠለ ግንድ ነው። አረሩ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ሲቀር ግንዱ ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ከፍ ይላል፤ ከከፍታው ፍጥነቱ ይሰላል። ይህን ጠመንጃ ሳይነኩ የፎገራ ልጆች ወፍ በሚጠብቁበት ወንጭፍ መሞከር ይቻላል። 1.95 ኪሎ ግራም አሸዋ የያዘ ለስላሳ ከረጢት በሁለት ገመድ ይንጠልጠል። ሰው ከኋላውና ከጎኑ አለመኖሩ ይረጋገጥ። 50 ግራም የምትመዝን ድንጋይ ተወንጭፋ ከረጢቱ ውስጥ ገብታ ስትቀር፣ ከረጢቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል የድንጋይዋ ፍጥነት ስንት ነበር?

መንገዱ እንዲህ ነው። ከከፍታው ተነሥተን ከረጢቱና ድንጋይዋ አንድ ላይ የጀመሩበትን ፍጥነት በሰከንድ 0.99 ሜትር እናገኛለን። ሞመንተም ስለማይጠፋ ይህን በ2 ኪሎ ግራም አባዝተን ለ0.05 ስናካፍል የድንጋይዋ ፍጥነት በሰከንድ 40 ሜትር ያህል ይሆናል። ጉልበቷም 40 ጁል ገደማ፣ ልክ ከሰማይ እንደሚወድቀው አረር ነው። ከረጢቱ ሲወዛወዝ የያዘው ጉልበት ግን ሲሰላ አንድ ጁል እንኳ አይሞላም። የቀረው 39 ጁል የት ገባ?